የፍየል ኮቴ ሐረግ፦ ስለ ባሕር ዳሩ ሐምራዊ አበባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሞቃት አካባቢዎች የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ስለሚሳበው የዱር አበባ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት፣ ከቀላሉ ተነስቶ ወደ ከባዱ።

አሸዋው ላይ የሚሳበው ሐምራዊ አበባ ምን ይባላል?

ሳይንሳዊ ስሙ አይፖሚያ ፔስ-ካፕሬ ነው። ቅጠሉ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለና የፍየል ኮቴ ዱካ የሚመስል በመሆኑ በዚህ ገጽ የፍየል ኮቴ ሐረግ እያልን እንጠራዋለን። ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሲመዘግበው ከሌላ ወገን መድቦት ነበር። አሁን ያለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1818 ሮበርት ብራውን የተባለው የእጽዋት ሊቅ ወደ አይፖሚያ ወገን ካዛወረው በኋላ ነው።

ስኳር ድንችም የዚሁ የአይፖሚያ ወገን ነው። የሁለቱን አበቦች ጎን ለጎን ያየ ሰው ዝምድናቸውን ለማመን አይቸገርም። የፍየል ኮቴ ሐረግ ከመሬት ከፍ አይልም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድና ሁለት ስንዝር አያልፍም። ወደ ጎን ግን ገደብ ያለው አይመስልም፤ 10 ሜትር መሳብ ለእሱ ተራ ነገር ነው፣ 30 ሜትር የሚደርስም አለ።

የት የት ይገኛል?

በአትላንቲክ፣ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ዙሪያ ባሉ ሞቃትና ከፊል ሞቃት የባሕር ዳርቻዎች ሁሉ ማለት ይቻላል። ከፍሎሪዳና ከቴክሳስ እስከ ካሪቢያንና ብራዚል፣ ከሕንድ እስከ አውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ፣ ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች እስከ ሃዋይ ድረስ ይታያል። የሚያቆመው ብርድ ነው፤ ውርጭ ባለበት አይዘልቅም።

እዚያው ባሕር ዳር ላይም የራሱ ቦታ አለው። ከፍተኛው የማዕበል መስመር ካለፈበት አንስቶ ወደ የብሱ ባለው የመጀመሪያው የአሸዋ ጉብታ ላይ ፈልጉት። ከእሱ ወዲያ ወደ ባሕሩ የሚደፍር ተክል ጥቂት ነው።

ከሌሎች የባሕር ዳር አበቦች በምን ልለየው?

ቅጠሉን እዩ። ወፍራም፣ አንጸባራቂና ጫፉ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ አበባውም ጥሩንባ ቅርጽ ኖሮት በሮዝና በወይን ጠጅ መካከል ያለ ቀለም ከያዘ፣ ነገሩ አልቋል። ካልተማመናችሁ አንዱን ቅጠል ከዘንጉ ቀንጥሱት፤ ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ይወጣዋል። ዘንጉ ከቅጠሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ሁለት ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። ስለ እነሱ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የሚያሳስቱት ሦስት ናቸው። አይፖሚያ ኢምፔራቲ የተባለው ዘመዱ እዚያው አሸዋ ላይ ይሳባል፤ አበባው ግን ነጭ ሆኖ መሃሉ ቢጫ ነው። ካናቫሊያ ሮዜያም ሐምራዊ አበባ ያለው የባሕር ዳር ሐረግ ነው፤ ይሁን እንጂ የባቄላ ወገን ስለሆነ ሦስት ሦስት ቅጠልና ረጅም እሸት አለው። ካሊስቴጂያ ሶልዳኔላ የሚባለው ደግሞ ቀዝቀዝ ባሉ ዳርቻዎች የሚበቅል ነው፤ ቅጠሉ የኩላሊት ቅርጽ ሲኖረው ሮዝ አበባው ላይ ነጫጭ መስመሮች ይታያሉ።

ጠዋት ያየሁት አበባ ከሰዓት በኋላ የት ገባ?

አበባው የሚቆየው ለአንድ ቀን ነው፤ ያውም ሙሉውን አይደለም። ጎህ ሲቀድ ይፈካል፣ ፀሐዩ ሲበረታ ይጠወልጋል፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። በማግስቱ የሚፈካው ሌላ እንቡጥ ነው። ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው በማለዳ ይውጣ፤ ብርሃኑ ያኔ ለስላሳ ነው፣ በአበባው ጉሮሮ ውስጥ ያለው ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ቀለምና ከመሃል ወደ ዳር የሚዘረጉት አምስት ጨረሮችም ጎልተው ይታያሉ።

ይህን አጭር ሰዓት የሚጠቀሙበት በዋናነት ንቦች ናቸው። ተክሉ በራሱ ብናኝ ዘር ለመያዝ ብዙም ፈቃደኛ ስላልሆነ ከሌላ ተክል የመጣ ብናኝ ይፈልጋል። ሙሉ ጉብታ የሸፈነ ሐረግ እያበበ ፍሬ ሲያጣ የምታዩት አንዳንዴ ለዚህ ነው። ሁሉም ከአንድ ተክል የተቀጠለ ከሆነ፣ ለዓይን ብዙ ቢመስልም ያው አንድ ተክል ነው።

ጨው እየተረጨበት፣ ባዶ አሸዋ ላይ እንዴት ይኖራል?

እዚህ ቦታ ላይ ለመኖር ቢያንስ አራት ጠላቶችን መቋቋም ግድ ነው፦ ጨው፣ ጥም፣ ሙቀትና የሚንቀሳቀስ አሸዋ። በቀትር የአሸዋው ገጽ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ወዲያው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከእሱ ጋር ለተክል ምግብ የሚሆነው ጥቂት ማዕድንም ይታጠባል።

ቅጠሉ ወፍራምና ቆዳማ ነው፤ ውሃ ይይዛል፣ ከባሕሩ የሚረጨው የጨው ጠብታም በቀላሉ ዘልቆ አይገባውም። ፀሐይ ሲበረታ ሁለቱ የቅጠሉ ክንፎች በመሃል አጥንቱ በኩል ወደ ላይ ተጣጥፈው የጨረሩን መጠን ይቀንሳሉ። በእኩለ ቀን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ቅጠሎቹ ሁሉ በከፊል የተዘጋ መጽሐፍ መስለው ቆመው ያገኛቸዋል። ዋናው ሥር እርጥበት ፍለጋ ወደ ጥልቁ ይወርዳል።

ትልቁ ብልሃቱ ግን ለአሸዋው ያለው ነው። አብዛኛው ተክል ሲቀበር ይሞታል፤ የፍየል ኮቴ ሐረግ ግን ሲቀበር ይበረታል። ሐረጉ በየአንጓው ሥር ማውጣት ስለሚችል፣ አሸዋ የጫነበት አንጓ ወደ ታች ሥር ወደ ላይ ቀንበጥ ይሰዳል። ነፋሱ ደግሞ ከዚያ ቀንበጥ ጋር ሲጋጭ የተሸከመውን አሸዋ ይጥላል፤ ተክሉ እንደገና ይቀበራል፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጉብታው የሚያድገው በዚህ መልክ ነው።

አሸዋውን በእርግጥ ይይዛል ወይስ ወሬ ነው?

ይይዛል፤ ከነፋስ። በብዙ አገሮች የተጎዱ የአሸዋ ጉብታዎችን መልሶ ለማቋቋም ከሚተከሉት ተክሎች አንዱ የሆነው ለዚህ ነው። ከሣር ዝርያዎች ጋር ሲተከል ደግሞ ሥራው ይሰምራል፤ ሣሩ ቀጥ ብሎ ነፋሱን ይሰብራል፣ ሐረጉ መሬቱን ይሸፍናል።

ከማዕበል ይጠብቃል ብሎ ተስፋ ማድረግ ግን ማጋነን ነው። ብርቱ ማዕበል ሐረጉን ከነሥሩ ነቅሎ ይወስደዋል። ከማዕበሉ በኋላ የሚሆነው ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ተበጣጥሶ አሸዋው ላይ የተጣለው ቁራጭ አንጓ ካለውና በከፊል ከተቀበረ እንደገና ሥር ይሰዳል። የባሕር ዳርቻ የሚያጸዱ ሠራተኞች ይህን ቁርጥራጭ ከቆሻሻ ጋር ጠርገው ሲጭኑት ማየት ያስቆጫል፤ በነጻ የመጣ ችግኝ ነበር።

ዘሩ ውቅያኖስ ያቋርጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አንድ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዘር ይይዛል። ዘሩ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ቡናማና በአጫጭር ፀጉር የተሸፈነ ስለሆነ በጣት ሲዳሰስ ከፋይ ይመስላል። በውስጡ አየር የያዘ ክፍተት አለ፤ ሽፋኑ ደግሞ ውሃ አያስገባም። ስለዚህ ይንሳፈፋል፤ ለወራት ጨዋማ ውሃ ላይ ቆይቶም የመብቀል አቅሙን አያጣም። ተክሉ በምድር ወገብ ዙሪያ ያሉ ዳርቻዎችን ያለ ሰው እርዳታ ማዳረስ የቻለው በዚህ ነው።

ጥሩ ምስክር የሚሆነው የኢንዶኔዥያው ክራካታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 እሳተ ገሞራው ፈንድቶ ደሴቲቱን በትኩስ አመድ ሲሸፍናት በላይዋ የነበረው ዕፅዋት ጠፋ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዳርቻዋን ቀድመው ከያዙት ተክሎች አንዱ ይኸው ሐረግ ነበር። የእጽዋት ተመራማሪው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1891 በኢንዶ-ማላይ ዳርቻዎች ስላሉ ዕፅዋት ሲጽፍ፣ አሸዋው ላይ አንድ ላይ የሚበቅሉትን ተክሎች ስብስብ በዚህ ተክል ስም ሰይሞታል።

ዘሩን ዘራሁት፤ ወራት አለፉ፣ አልበቀለም። ለምን?

ውቅያኖስ የሚያሻግረው ያው ሽፋን ነው ችግሩ። ውሃ ካልገባ ዘሩ አይነቃም። በተፈጥሮ አሸዋው ሲያሸው ወይም በጊዜ ብዛት ሲሰነጠቅ ነው ውሃ የሚያገኘው። እናንተ ግን ያን ያህል መጠበቅ አያስፈልጋችሁም።

ዘሩን በሁለት ጣት አጥብቃችሁ ያዙና ጎኑን በሞረድ ፈግፍጉት። ከፍሬው ጋር ተያይዞበት የነበረውን ጠባሳ አትንኩ፤ ሽሉ ያለው በዚያ በኩል ነው። ከጥቁር ቡናማው ሽፋን ስር ነጣ ያለው ክፍል እንደታየ አቁሙ። ከዚያ ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት አብጦ ከተገኘ ተሳክቷል፤ ያላበጠውን መልሳችሁ ፈግፍጉ። ያበጠውን አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቅበሩት፤ ሙቀት ይፈልጋል፣ ጥላ አይፈልግም።

አንዳንዶች «የባሕር ተክል ስለሆነ» ብለው ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ያጠጡታል። ይህን አታድርጉ። ያደገው ተክል ጨው ይችላል፤ የሚበቅለው ዘር ግን የሚነሳው በዝናብ ውሃ ነው፣ ጨው ያግደዋል።

ከዘር ሌላ ቀላል መንገድ የለም?

አለ፤ መቁረጥ። ሦስት አራት አንጓ ያለው ሐረግ ቆርጣችሁ ሁለቱን አንጓ አሸዋ ውስጥ አጋድማችሁ ቅበሩ፤ ጫፉ ከነቅጠሉ ውጭ ይሁን። ሥር እስኪይዝ አሸዋው አይድረቅ። የሚቆረጠው ከግል ይዞታ ወይም ከችግኝ ጣቢያ ይሁን፤ በብዙ ቦታዎች የአሸዋ ጉብታ ላይ ያለን ተክል መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የአካባቢውን ደንብ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከባሕር ርቆ በግቢ ውስጥ ይሆናል?

ውርጭ ከሌለ፣ ፀሐይ ሙሉ ቀን ከደረሰውና አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ይሆናል። ጨው የግድ አይደለም። የሚገድለው ውሃ የሚያቁር ጭቃማ አፈርና ከልክ ያለፈ እንክብካቤ ነው፤ ማዳበሪያ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ይሆንና አበባውን ይነፍጋችኋል።

ስኳር ድንች የምታመርቱ ወይም የሚያመርት ጎረቤት ያላችሁ ግን ቆም በሉ። የስኳር ድንች ነቀዝ ዋነኛው ሰብል በሌለበት ወቅት ከሚጠለልባቸው የዱር ተክሎች አንዱ ይህ ሐረግ ነው። በማሳ ዳር መትከል ለነቀዙ ማደሪያ መሥራት ነው። እኔ ብሆን በዚህ ሁኔታ ሌላ አበባ እመርጣለሁ።

መንገዱን ሁሉ ሸፈነው። አረም ነውና ልንቀለው?

ባሕር ዳር ላይ አረም ሊባል አይችልም፤ ቦታው የራሱ ነው። መተላለፊያ ከዘጋ በመተላለፊያው ላይ ያለውን ብቻ ቁረጡና ቁራጩን እዚያው ጉብታ ላይ ጣሉት። ይልቅ ተክሉን የሚጨርሰው የእግርና የመኪና ጎማ ነው። ለነፋስና ለአሸዋ የማይበገረው ሐረግ በተደጋጋሚ ሲረገጥ አንጓው ይደቃል፣ ያኔ የተገላለጠው አሸዋ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከእንጨት የተሠራ መረማመጃ ቢኖር ጸቡ በሙሉ ይቀር ነበር።

ጉንዳን ወሮታል፤ መድኃኒት ልርጭበት?

አይርጩ። ቀደም ሲል ያነሳናቸው በቅጠሉ ዘንግ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ነጠብጣቦች ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያመነጩ እጢዎች ናቸው። በአበባው ደጋፊ ቅጠሎች ላይም እንዲህ ያሉ እጢዎች አሉ። ጉንዳኖቹ የመጡት እሱን ሊልሱ ነው፤ ሲመላለሱም ተክሉን የሚበሉ ነፍሳትን ያባርራሉ። በተለይ ፍሬው ላይ እንቁላል የሚጥሉ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች አሉ፤ እጫቸው ዘሩን ሰርስሮ ውስጡን ይበላል። መሬት ላይ ያገኛችሁት ዘር ክብ ቀዳዳ ካለው ተበልቶ ያለቀ ነው። ጉንዳኑን መግደል ለእነዚህ በር መክፈት ነው።

የስኳር ድንች ዘመድ ከሆነ ይበላል?

አይበላም ብላችሁ ያዙት። ሥሩ እንደ ስኳር ድንች አያብጥም። በተክሉ ውስጥ ያለው ሙጫ መሰል ንጥረ ነገር ሆድ የሚያስቀምጥ ነው፤ በአንዳንድ አካባቢዎች የባህል ሐኪሞች ለማስቀመጫነት የተጠቀሙበትም ለዚሁ ባሕርይው ነው። በዚያ ላይ ከአይፖሚያ ወገን አንዳንዶቹ በዘራቸው ውስጥ አእምሮን የሚያዛባ ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ ዘሩን እንዳያኝኩ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ፍየልና ላም ላይ መሞከርም አያስፈልግም።

ጄሊፊሽ ሲነድፍ ቅጠሉን መቀባት ያድናል?

ልማዱ ሰፊ ነው፤ በታይላንድ፣ በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችና በሌሎችም የባሕር ዳር ነዋሪዎች ዘንድ ቅጠሉ ለባሕር እንስሳት ንድፊያ ሲያገለግል ኖሯል። ነገሩ ባዶ እምነት ብቻ አይደለም። በታይላንድ የተደረጉ የላቦራቶሪ ምርምሮች የቅጠሉ ጭማቂ የአንዳንድ ጄሊፊሾችን መርዝ ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ የጡንቻ መኮማተርን የሚያላሉ ንጥረ ነገሮችም ከውስጡ ተለይተው ወጥተዋል።

ከላቦራቶሪ ጭማቂ እስከ ተጨፈለቀ ቅጠል ግን ሩቅ ነው። ሰውነት ላይ የቀረው የጄሊፊሽ ክር ገና ያልተተኮሱ የመርዝ ከረጢቶች አሉት፤ ቅጠል ይዞ ማሸት እነሱን ማስተኮስ ነው። ስለዚህ አትሹ፤ የዳርቻውን ነፍስ አድን ሠራተኛ ጥሩ፣ ለአካባቢው ጄሊፊሽ የሚሆነውን እርዳታ የሚያውቀው እሱ ነው። ሣጥን መሰሉ ጄሊፊሽ ባለበት ባሕር ደግሞ መርዙ በደቂቃዎች ውስጥ ልብ ሊያቆም ስለሚችል ቅጠል ፍለጋ መሮጥ ሕይወት ያስከፍላል። የመተንፈስ ችግር፣ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ከታየ አምቡላንስ ይጠራ።

ሃዋይ ውስጥ ማዕበል ይጠሩበት ነበር ይባላል። ምን ማለት ነው?

በሃዋይ ቋንቋ ስሙ ፖሁዌሁዌ ነው። በቀድሞው ልማድ ባሕሩ ሲረጋ፣ በጣውላ ማዕበል ላይ መንሸራተት የሚፈልጉ ሰዎች የዚህን ሐረግ ጥቅል ይዘው እየዘመሩ የውሃውን ገጽ ይመቱ ነበር፤ ማዕበሉን ለማስነሳት። መነሳቱን ለባሕሩ እንተወው።

ተክሉ ሁለት ዓይነት ነው? ለተከላ የትኛው ይሻላል?

የእጽዋት ተመራማሪዎች ሁለት ንዑስ ዝርያ ይለያሉ። አንዱ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ የሚገኘው ሲሆን ቅጠሉ ጠለቅ ብሎ የተሰነጠቀ ነው። ሌላው ብራዚሊየንሲስ የሚባለው፣ ስንጥቁ ጎደል ያለ፣ በአትላንቲክና በፓስፊክ በስፋት የሚታየው ነው። በዘረ መል ሲመረመሩ ግን እጅግ የተራራቁ ዳርቻዎች ላይ ያሉት ተክሎች የሚጠበቀውን ያህል ተለያይተው አልተገኙም፤ የሚንሳፈፈው ዘር ሲያቀላቅላቸው ኖሯል።

ይህ ማለት ከየትም አምጥቶ መትከል ይቻላል ማለት አይደለም። ከሩቅ የሚመጣ ችግኝ ከነአፈሩ ተባይና በሽታ ይዞ ይመጣል። ከዚያው ዳርቻ የተለቀመ ዘር ይመረጣል፤ ከአንድ ተክል ብቻ ከተቆረጠ ደግሞ ቀደም ሲል እንዳልነው አብቦ ዘር ላይዝ ስለሚችል ከተለያዩ ቦታዎች ማቀላቀል ይሻላል።

ለባሕር ኤሊዎች ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ሁለቱንም። ኤሊዎቹ እንቁላል የሚጥሉት አሸዋው ላይ ነው፤ አሸዋውን በቦታው ያቆየው ደግሞ ይኸው ሐረግና ጓደኞቹ ናቸው። ጉብታው ከተጠረገ መክተቻ ቦታውም አብሮ ይሄዳል። በሌላ በኩል፣ እንቁላሉ ሐረጉ አጠገብ ከተጣለ እርጥበት የሚፈልገው ሥር ወደ ጎጆው ገብቶ እንቁላሉን ሊበሳ ወይም ሊከበው ይችላል፤ አዲስ የተፈለፈሉት ጫጩቶችም ወደ ባሕር ሲሄዱ በሐረጉ ይጠላለፋሉ።

ይህን የሰሙ አንዳንድ በጎ ፈቃደኞች መቁረጫ ይዘው ዳርቻውን ሙልጭ ሊያደርጉት ይነሳሉ። ለባሕር ኤሊ ታስቦ የኤሊውን ቤት ማፍረስ ነው። ጎጆ የሚከታተሉ ባለሙያዎች ያሉበት ቦታ ከሆነ ለእነሱ መንገር ነው ተገቢው፤ እነሱ ምልክት ከተደረገበት ጎጆ እስከ ውሃው ያለውን ጠባብ መስመር ብቻ ሊያጸዱ ወይም ፈቃድ ካላቸው ጎጆውን ሊያዛውሩ ይችላሉ። ሥሩን ከጎጆው አጠገብ በእጅ መንቀል ግን ለማንም አይመከርም፤ አሸዋውን ይንደዋል፣ እንቁላሉንም ያናውጣል።